ነፍሱን ዕቃ ውስጥ የደበቀ ክፉ፦ ፋንታሲ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋንታሲ የሚጽፉ ወጣቶች እየበዙ ነው። አንዳንዶቹ ቴሌግራም ላይ ክፍል በክፍል ይለቃሉ። አንዳንዶቹ ደብተር ላይ ጽፈው ለጓደኛ ያስነብባሉ። በጣም ደስ ይለኛል። የመንዝ ገደል፣ የጣርማበር ጉምና የአንኮበር ተራራ ደጃችን ላይ እያሉ ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ። ክፉው ገጸ ባሕርይ አይሞትም። በጦር ቢወጉት ይነሳል፣ ገደል ቢጥሉት ይመለሳል። ነፍሱ ገላው ውስጥ የለችማ። አንድ ዕቃ ውስጥ አስሮ አስቀምጧታል፤ ዕቃው እስካለ እሱም አለ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የግብፅ ፓፒረስ ላይ ባታ የሚባል ሰው ልቡን አውጥቶ የግራር አበባ ላይ ያስቀምጣል። በሩሲያ ተረት ደግሞ ኮሼይ የሚባል ክፉ አለ። ሞቱ ያለችው መርፌ ጫፍ ላይ ነው። መርፌው እንቁላል ውስጥ፣ እንቁላሉ ዳክዬ ውስጥ፣ ዳክዬዋ ጥንቸል ውስጥ፣ ጥንቸሏ ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑ ደሴት ላይ ካለ ዛፍ ሥር ነው። የዓለምን ተረቶች በዓይነት የሚመድቡ ተመራማሪዎች ለዚህ ብቻ 302 የሚል ቁጥር ሰጥተውታል። ስለዚህ "ተሠርቶበታል" ብላችሁ አትተዉት። ዋናው አያያዙ ነው።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ሰው ነፍሱን ከገላው አውጥቶ የሚደብቀው ሞትን ስለፈራ ነው። ዕቃው ያንን ፍርሃት ማሳየት አለበት። ምን ዕቃ መረጠ? የት አኖረው? ማንን አመነ? ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

ሕጉን ሳይወስኑ መጀመር

ብዙ ረቂቅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ዕቃውን ያስተዋውቃል፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ራሱም አልወሰነም። ምዕራፍ 3 ላይ ዕቃው ሲነካ ክፉውን ያመዋል። ምዕራፍ 9 ላይ ጀግናው ዕቃውን ተሸክሞ ሁለት ቀን ሲሄድ ክፉው ምንም አይሰማውም። አንባቢ ይህን ወዲያው ይይዛል።

አንድ ገጽ ወረቀት ያዙና እነዚህን መልሱ። ዕቃው ውስጥ ያለው ሙሉ ሕይወቱ ነው ወይስ ከፊሉ? ዕቃው ሲሰነጠቅ እሱ ይታመማል ወይስ ሙሉ በሙሉ እስኪሰበር ደህና ነው? ገላው ሲቆስል ይድናል ወይስ ቁስሉ እንዳለ ሳይሞት ይኖራል? ይህ የመጨረሻው ከባድ ጥያቄ ነው። መቶ ዓመት ቆስሎ የማይሞት ሰውና መቶ ዓመት ጤነኛ የሆነ ሰው አንድ ዓይነት ክፉ አይሆኑም።

ርቀትንም አትርሱ። ዕቃው አንኮበር ነው እንበል። ክፉው በጣርማበር አድርጎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ወረደ። በአንድ ቀን ከብርዱ አገር ሙቀቱ ውስጥ ገባ። ኃይሉ አብሮት ይወርዳል ወይስ ቁልቁለቱን በጀመረ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል? ሁለተኛውን ከመረጣችሁ መልክዓ ምድሩ ራሱ የታሪኩ ሞተር ይሆናል። ቆላው ከእሱ የተጠበቀ አገር ነው። ሰው ሸሽቶ የሚወርድበት ምክንያት አገኛችሁ።

ምልክትም ያስፈልጋል። ዕቃው ሲጎዳ በምን ይታወቃል? የባታን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። ባታ ለወንድሙ "የምትጠጣው ቢራ ሲገነፍል እኔን ክፉ ነገር እንዳገኘኝ እወቅ" ይለዋል። ግራሩ ተቆረጠ፣ ባታ ሞተ፣ ወንድሙ እጅ ላይ ያለው ቢራ አረፋ አወጣ። ወንድምየው ሦስት ዓመት ሙሉ ልቡን ፈለገ። እንዲህ ያለ ምልክት እኛ ቤት ለመግባት አይቸገርም። ጠላ በጋን በሚጠመቅበት አገር የጋን መገንፈል ለማንም ግልጽ ነው።

ዕቃውን ከሰው አገር መዋስ

ቀለበት፣ ክሪስታል፣ የሚያበራ ሰይፍ። እነዚህን ስናነብ ምንም አይሰማንም። ከኛ ጓዳ ያልወጣ ዕቃ ስለ ባለቤቱ አይነግረንም።

ለምሳሌ የወፍጮ መጅ ውሰዱ። መንዝ ውስጥ አንድ ክፉ ባላባት ነፍሱን መጅ ውስጥ አሰረ እንበል። መጅ እጅ ላይ የምትይዙት የላይኛው ድንጋይ ነው። በታችኛው ላይ ገብስ እየፈጨ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲለሰልስ አልፈጭ ይላል፤ ያኔ በጠንካራ ድንጋይ ይወቀራል። ከተወቀረ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ዱቄት ድንጋይ ድንጋይ ይላል። ዓመታት ሲያልፉ መጁ እየሳሳ ይሄዳል።

አሁን ምን እንዳገኘን ተመልከቱ። ባላባቱ ጠንካራ ድንጋይ ስለሆነ አይጠፋም ብሎ መረጠው። ሴቶቹ ግን በየቀኑ ይፈጩበታል። በተፈጨ ቁጥር እሱ ያረጃል። በተወቀረ ቁጥር ያመዋል። ድንጋዩን ወስዶ ዋሻ ውስጥ እንዳይደብቀው ደግሞ ሕግ አበጁለት፦ መጁ ባላባቱ ከተወለደበት ቤት ከወጣ ባላባቱ ይሞታል። ቤቱ ግን ዛሬ የሱ አይደለም። የአንዲት አሮጊት ነው። ምስጢሩንም ሊነግራቸው አይችልም።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ለመንደሩ የሞተር ወፍጮ ያስተክላል። በነፃ። ሰው ሁሉ ይመርቀዋል። ሴቶች ከጀርባ ሕመም ተገላገሉ። መጆች ሁሉ ጥግ ተጣሉ። አንዱ ብቻ ይሠራል። ባላባቱ አሮጊቷ ደጃፍ ይመላለሳል።

"እማማ፣ ይረፉ እንጂ። ጎንበስ ቀና ማለቱ ምን ያደርግልዎታል? እህልዎን በሰው አስወስጄ አስፈጭልዎታለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ። የሞተሩ በሶ ግን ለአፌ አይጥመኝም።"

ይህ ባላባት አንድም ሰይፍ ሳይመዝ ያስፈራል። ደግነቱ በሙሉ ከፍርሃት የመጣ ነው። መንደሩ ግን አያውቅም። ከጓዳ የተገኘ አንድ ዕቃ ይህን ሁሉ ሰጠን። ባና፣ እንዝርት፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ቀንበር ላይም እንዲሁ ሞክሩ። ዕቃው ምን እንደሚሠራበት፣ በምን እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚነካው ጠይቁ።

ዋጋ ሳይከፍል ማሰር

ነፍስን ማሰር ነፃ ከሆነ ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ለምን እሱ ብቻ? ብዙ ጊዜ መልሱ "ኃይለኛ አስማት ያውቃል" የሚል ነው። አይበቃም። አንድ ነገር ማጣት አለበት፤ ያጣው ነገርም በየገጹ መታየት አለበት። ነፍሱ ድንጋይ ውስጥ ያለች ሰው ብርድ አይሰማው ይሆናል። ጥቅምት ላይ አመዳይ ሜዳውን ሲያነጣው ሁሉም ባናውን ተከናንቦ እሳት ዙሪያ ሲሰበሰብ እሱ ውጭ ቆሟል። ሙቀትም አይሰማውም ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት ስለ ቀይ ዓይኑ ከሚጻፍ ሦስት ገጽ ይሻላል።

ሩቅ ቦታ ሰው አያየውም ብሎ ማሰብ

ዕቃው ሁልጊዜ ማንም የማይደርስበት ዋሻ ውስጥ ነው፤ በር ላይ አውሬ አለ። ሰሜን ሸዋን የሚያውቅ አንባቢ ይህን አያምንም። መንዝ ጓሳን አስቡ። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ጅብራ አለበት። ከሩቅ ሲታይ ሰው የረገጠው አይመስልም። ግን ይህ መሬት ለዘመናት በአካባቢው ሕዝብ ደንብ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨድ ነበር። ማን የት እንደሚያጭድ የታወቀ ነው። እረኛ ደግሞ እያንዳንዷን ጉድጓድ ያውቃል።

ስለዚህ ክፉው ዕቃውን ጓሳ ላይ ከቀበረ መጀመሪያ የሚያገኘው የዘጠኝ ዓመት እረኛ ነው። ይህን ተጠቀሙበት። ክፉው መሬቱን ከላይ ብቻ የሚያይ ጌታ ከሆነ አለማወቁ ይጥለዋል። የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሣሩ እንዳይከፈት በየዓመቱ ሰበብ ይፈጥራል፤ የሰው ቤት ክዳን አጥቶ ያፈሳል። ሁለቱም ጥሩ ታሪክ ናቸው። አውሬ አላስፈለገም።

ምስጢሩ በነፃ መውጣቱ

አንድ ሽማግሌ ምዕራፍ 5 ላይ ይመጣና "የእሱ ነፍስ ያለችው እዚያ ነው" ብለው ይናገራሉ። ወይም ክፉው ራሱ ጀግናውን አስሮ ሁሉን ይዘረዝርለታል። ያሳዝናል፤ የታሪኩ ትልቁ ውጥረት በአንድ አንቀጽ አለቀ።

እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16ን ይክፈት። ሶምሶን ክፉ ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ የምስጢሩ አወጣጥ ግን ለማንም ጸሐፊ ትምህርት ነው። ደሊላ ትጠይቀዋለች። በእርጥብ ጠፍር ብታስሪኝ ይላታል፤ ውሸት ነው። ትጠይቀዋለች። በአዲስ ገመድ ይላታል፤ ውሸት ነው። ሦስተኛው የራሱን ጉንጉን ከድር ጋር ስለማያያዝ ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉ። አሁንም ውሸት ነው፤ ግን ጠጉሩን ጠቀሰ። ወደ እውነቱ እየቀረበ ነው። በመጨረሻ በየቀኑ ስትነዘንዘው ነፍሱ ልትወጣ እስክትደርስ ተጨነቀና ነገራት። አራቱም ጊዜ የሚናገረው ለሚወዳት ሴት ነው።

ክፉውም ቢሆን የሚያምነው አንድ ሰው ይኑረው። ብቸኝነቱ ምስጢሩን ያስወጣው። ወይም ጠባቂ ስጡት። የግሪኩ የሜሌአግሮስ ተረት ይህን በደንብ ይሠራዋል። ልጁ ሲወለድ እሳት ላይ ያለው ግንድ እስኪነድ ብቻ ነው የሚኖረው ተባለ። እናቱ ግንዱን ከእሳት ነጥቃ አጥፍታ ሳጥን ውስጥ ደበቀችው። ልጁ አደገ፤ በጠብ የእናቱን ወንድሞች ገደለ። እናት ሳጥኑን ከፈተች፤ ግንዱን እሳት ውስጥ ጨመረችው። ዕቃውን ለማግኘት ማንም ባሕር አላቋረጠም። ያዳነችው ራሷ ገደለችው። አንድ ጠባቂ ሁለት የሚወደው ነገር ሲኖረው ታሪኩ በራሱ ይሄዳል።

ሃይማኖትንና ሞያን ያለ ጥንቃቄ መንካት

ይህን ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። ታቦትን፣ መስቀልን፣ ጠበልን የክፉ ነፍስ ማኖሪያ አታድርጉ። ድፍረት አይባልም፤ አንባቢያችሁን መጉዳት ነው። የተቀደሰ ነገር ከማርከሻነት በላይ ሥራ ሲሰጠው እንኳ በጥንቃቄ ይሁን።

ሁለተኛው ብዙም አይታሰብበትም። ዕቃውን የሠራው ሰው ሁልጊዜ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ነው፤ ዓይኑም ያስፈራል። ይህ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች "ቡዳ" እየተባሉ ለዘመናት ተገልለዋል፤ ማረሻውን ሠርተው የሰጡትን ሰዎች ሌላው አብሯቸው አይበላም ነበር። ያንን በደል በፋንታሲ ስም አትድገሙት። አንጥረኛ ካስፈለጋችሁ ሙሉ ሰው አድርጉት። ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ የታዘዘ፣ ወይም አውቆ እንቢ ያለ ይሁን። ከክፉው ይልቅ የእሱ ታሪክ ሊበልጥ ይችላል።

ዕቃውን ማብዛት

ነፍሱን አምስት ቦታ፣ ሰባት ቦታ መከፋፈል ፋሽን ሆኗል። አንድ ዕቃ በደንብ ከመጻፍ ያድናል ተብሎ ከሆነ አያድንም። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ሰው፣ ቦታና ዋጋ ከሌለው አንዱን ብቻ ያዙ።

ሲሰበር ሁሉም ነገር ማለቁ

ዕቃው ተሰበረ፣ ክፉው አመድ ሆነ፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ ተፈጸመ። የብዙ ረቂቅ መጨረሻ ይህ ነው። ግን በዚያ ነፍስ ላይ ሌላ ምን ተንጠልጥሎ ነበር? ባላባቱ ሲሞት የሞተር ወፍጮው ማን ያስተዳድረዋል? እሱን እየመረቁ ያረጁት ሴቶች ማን እንደነበረ ሲሰሙ ያምናሉ? ወይስ አሮጊቷን "ደጉን ሰው ገደልሽብን" ይሏታል? ደግሞ ከመጁ የተፋቀው ድንጋይ በሙሉ ዱቄት ውስጥ ገብቷል። ቤተሰቡ ለዓመታት ከቂጣውና ከበሶው ጋር የበላው የእሱን ነፍስ ነው። ምናልባት ትንሹ የልጅ ልጅ ዘንድሮ ብርድ አይሰማኝም ማለት ጀምሯል። ይህን የሚያሳይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፉ፤ ክፉው ከሞተ በኋላ የሚመጣ ምዕራፍ፣ አሮጊቷ ልጁን ይዘው ምን እንደሚያደርጉ የሚወስኑበት።