የካርቦን ማጽጃ ከመግዛታችሁ በፊት ካንዴላ አስፈቱ

መኪናችሁ ጠዋት ሲነሳ ይንዘፈዘፋል። ሚኒሞው፣ ማለትም ቆማችሁ ሞተሩ ሲሠራ ያለው ዙር፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ትንሽ አስቦ ነው የሚሄደው፣ ቤንዚን ደግሞ እንደ ጉድ ይጠጣል። መለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ካርቦን ይዟል፣ ይቺን ጠርሙስ የነዳጁ ሰርባቶዮ ውስጥ ጨምርባት»። እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ብቻ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን፣ አስፈቱ።

ጅማ ውስጥ መኪና ካርቦን ቢይዝ አይገርምም። ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ስንት ደቂቃ ነው? ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ደርሳችሁ ታጠፉታላችሁ፣ ቡና ትጠጣላችሁ፣ እንደገና አስር ደቂቃ ትነዳላችሁ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ትቆማላችሁ። ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምርለታል። በደንብ ሳይነድ የቀረው ጥላሸት ሆኖ ፒስተኑ አናት ላይ ይለጠፋል፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተርም ቫልቩም እየቆየ ይቆሽሻል። እንጨት እሳት ላይ የምትውል ጀበና ቂጧ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እሱ ነው።

ካንዴላው ጫፉ ደረቅ ጥቁር ሆኖ ጣታችሁን ካጠቆረ ማጽጃው ሊረዳ ይችላል። እርጥብ ዘይት ካለበትና ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ አልቋል፣ ይህንን ምንም ጠርሙስ አያድነውም። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና እያነደደ ነውና ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ጠርሙስ አጠጥቻለሁ። ለውጥ የለም። በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት መርፌዋን አየና «ይቺ መርፌ መሃል ደርሳ ታውቃለች?» አለኝ። አታውቅም። ለካ ከዓመት በፊት መኪናዋ ሞቀች ብዬ የወሰድኩበት ጋራዥ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን ውኃ የሚያግደውን፣ አውጥቶ ጥሎታል! እኔን ጠይቆኝም አያውቅ። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ሁሌ ብርድ ነው፣ ሁሌ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ብታጸዱት በወሩ መልሶ ይጠቁራል። ስለዚህ የሙቀት መርፌያችሁ ሁሌ ከታች ከሆነች መጀመሪያ ቴርሞስታቱን አስገጥሙ።

አሁን ወደ ሥራው። ለቤንዚን ሞተር የተሠራና ፖሊኤተርአሚን፣ በአጭሩ ፒኢኤ፣ ያለበትን ምረጡ። ጠንካራ ካርቦን ላይ የተሻለው እሱ ነው። የናፍጣ ማጽጃ ቤንዚን ውስጥ አይገባም። ነጭ ጋዝ ጨምር የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ከተማ ውስጥ ለመሽከርከር ብላችሁ አትጨምሩት። ረጅም መንገድ ሲኖራችሁ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ስትሄዱ፣ ያኔ ነው ጊዜው። ሰርባቶዮው ሊያልቅ ሲል ማደያ ሂዱ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ጨምሩ፣ ከዚያ ቤንዚኑን ሙሉ፤ ቤንዚኑ ሲወርድ ራሱ ያማስለዋል። መጠኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ለ60 ሊትር ነው የሚል ከሆነና እናንተ 40 ከሞላችሁ ሁለት ሦስተኛው ይበቃል፣ ብዙ ስለጨመራችሁ የበለጠ አይጸዳም። አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ጥሩ ማንቆርቆሪያ ነው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውኃ እጠቡት፣ ቀለም ይበላል።

ከዚያ ንዱ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አርፒኤሙን (የሞተሩን ዙር በደቂቃ) 2500 እና 3500 መሃል ያዙ፣ አምስተኛ ማርሽ ላይ አታስተኙት። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሶኮሩን አልፋችሁ ጊቤ ወርዳችሁ ወደ ወልቂጤ የምትወጡበት ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩን አሠሩት፣ የሙቀት መርፌዋን ግን አትርሱ። ነዳጁ ወደ ሩብ እስኪወርድ ሌላ አትቀላቅሉበት።

ከመድኃኒቱ ጥቂቱ በፋሻው በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ስለዚህ ዘይት መቀየሪያችሁ ሲደርስ ነው ማድረግ ያለባችሁ፣ ስትመለሱ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። አዲስ ዘይት አስገብታችሁ በማግስቱ ማጽጃ መጨመር ግን ብር መጣል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጂዲአይ የሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚረጩት፣ መግቢያ ቫልቩን ቤንዚን አይነካውም። ሰርባቶዮ ውስጥ የምትጨምሩት ኢንጀክተሩን ሊያጸዳ ይችላል፣ ቫልቩን ግን አያገኘውም፤ እሱ ተፈቶ ነው የሚጸዳው። የአየር መግቢያው ክዳን፣ ማለትም ትሮትል፣ ላይ ያለውም ጥቁር ነገር በራሱ ስፕሬይና በጨርቅ ነው የሚነሳው። ክዳኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉ እንደበራ በጣታችሁ አትግፉት፣ ይበላሻል።

ስትመለሱ ያንኑ ካንዴላ አስፈቱና እዩት። አሁንም ጥቁር ከሆነ ሌላ ጠርሙስ አትግዙ፣ መኪናውን ኮምፒውተር አስነብቡት።