የሙዚየም ድረ ገጽ በብዙ ቋንቋ ሲዘጋጅ

ሁሉንም ገጽ በአንዴ ለመተርጎም አትነሱ። መጀመሪያ ጎብኚው የሚፈልገውን ያዙ፦ የመክፈቻ ሰዓት፣ የመግቢያ ዋጋ፣ አድራሻ። ቀጥሎ ዋና ዋናዎቹን ቅርሶች።

ሰዓትና ዓመት ላይ ግን አደራ። በአማርኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ያላችሁት በእንግሊዝኛው 9 ሰዓት ነው። ድንቅነሽን እንውሰድ። ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የእንግሊዝኛው ገጽ ደግሞ ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ማለት አለበት። ልዩነቱ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ ስህተት በቀላሉ ይገባል። ስለዚህ ለተርጓሚ በምሰጠው ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱንም ቀን ራሴ ሞልቼ ነው የምልከው።

ቋንቋ ስትመርጡ የቅርሱን አገር አስቡ። ድንቅነሽ ከአፋር ምድር ወጥታ የአፋርኛ ገጽ ማጣት የለባትም። የአካባቢው ልጅ በራሱ ቋንቋ ሊያነባት ይገባል። የማሽን ትርጉም ለረቂቅ ይሆናል፤ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ሳያነበው ግን አይውጣ።

የቋንቋ መምረጫው ላይ ባንዲራ አታድርጉ። አገራችን ውስጥ አማርኛም አፋርኛም ኦሮምኛም ያው አንድ የአገር ባንዲራ ነው ያላቸው! የእያንዳንዱን ቋንቋ ስም በራሱ ፊደል ጻፉ። ሲጫኑትም እዚያው ቅርስ ላይ ያቆይ እንጂ ወደ መነሻ ገጽ አይመልስ። ይሄ ነገር ጎብኚን በጣም ያሰለቻል።

ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ተጠቀሙ፤ ነፃ ነው። ዋጋ ሲቀየር ሁሉም ገጽ በዚያው ቀን ይስተካከል።