ዲሲ ውስጥ ለልጃችሁ ሚድል ስኩልና ሃይ ስኩል እንዴት እንደምትመርጡ

ሥራዬ ኡበር መንዳት ነው። ጠዋት ጠዋት ዲሲ ውስጥ የማላልፍበት ትምህርት ቤት የለም ማለት ይቻላል። የትኛው በር ላይ መኪና እንደሚቆላለፍ፣ የትኛው ጋ ፖሊስ እንደሚቆም አውቃለሁ። ይሄን ይዤ "ሁሉንም አውቃቸዋለሁ" ብዬ ለትልቋ ልጄ ሚድል ስኩል መረጥኩ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሙሉ በሁለት አውቶቡስ ተመላለሰች። ለታናሽ ወንድሟ ግን ነቅቼ ነበር። የምጽፈው ከሁለቱም ያየሁትን ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ አሠራራችሁ ሌላ ነው። ይሄ ለዲሲ ነዋሪ ነው።

1. መጀመሪያ የሠፈራችሁን ትምህርት ቤት እወቁ

እያንዳንዱ አድራሻ የራሱ ኤለመንታሪ፣ ሚድል ስኩል (ባብዛኛው ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል) እና ሃይ ስኩል (ከ9ኛ እስከ 12ኛ) አለው። የከተማው ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን ስታስገቡ ይነግራችኋል። ከኪንደርጋርተን እስከ 12ኛ ክፍል እዚያ መግባት የልጁ መብት ነው። ዕጣ የለም፣ ልመና የለም፣ ሄዶ መመዝገብ ብቻ።

ለምሳሌ ብራይትዉድ አካባቢ አይዳ ቢ. ዌልስ ሚድል ስኩል አለ፤ የተከፈተው በ2019 ነው፣ ኩሊጅ ሃይ ስኩል አጠገቡ ነው። ፔትወርዝ ላይ ማክፋርላንድ ሚድል ስኩልና ሩዝቬልት ሃይ ስኩል ጎን ለጎን ናቸው። ቴንሊታውን አካባቢ ዲል ሚድል ስኩል አለ፣ ከዚያ ጃክሰን ሪድ ሃይ ስኩል። የድሮ ሰዎች "ዊልሰን" የሚሏችሁ እሱኑ ነው፣ ስሙ የተቀየረው በ2022 ነው። ክልሉ ደግሞ ይቀየራል። በ2023 ማክአርተር የሚባል አዲስ ሃይ ስኩል ሲከፈት፣ ድሮ ወደ ጃክሰን ሪድ ይሄዱ የነበሩ የሃርዲ ሚድል ስኩል ልጆች ወደዚያ ዞሩ። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በፊት ልጁን ያስገባ ሰው የነገራችሁን ሳይሆን የዘንድሮውን ተመልከቱ።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። ልጃችሁ በዕጣ ከሠፈራችሁ ውጭ ያለ የዲሲ መንግሥት ኤለመንታሪ ገብቶ ከጨረሰ፣ ያ ኤለመንታሪ ወደሚልክበት ሚድል ስኩል የማለፍ መብት አለው። እሱንም ከቤታችሁ ምርጫ ጎን ቁጠሩት።

2. ሄዳችሁ እዩ

የእኔ የመጀመሪያው ጥፋት እዚህ ነው። የሠፈራችንን ሚድል ስኩል በወሬ ሰረዝኩት። አንድ ቀን እንኳን እግሬ በሩን አልረገጠም። ወሬውን ማን ነገረኝ? ልጅ የሌለው ጓደኛዬ።

የቤት ሽያጭ ድረ ገጾች ላይ ያለችውን ከ10 የምትሰጥ ነጥብ እርሷት። ትልቁን ቦታ የምትሰጠው ለፈተና ውጤት ነው፣ እሱ ደግሞ የቤተሰቡን ገቢ ተከትሎ ይሄዳል። ከተማው ራሱ የሚያወጣው የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ ይሻላል። እኔ እዚያ ላይ ሁለት ነገር ነው የማየው። አንዱ ዕድገት ነው፤ ልጆቹ ካምናው ዘንድሮ ምን ያህል ተሻሻሉ የሚለው። ሌላው መቅረት ነው። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀን ነው፣ ከዚያ 10 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ አብዝቶ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል። ግማሹ ልጅ እንደዚያ የሆነበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ያምናውን ትምህርት ስንት ጊዜ እንደሚደግም አስቡት።

ከዚያ ጉብኝቱ። ኦፕን ሃውስ፣ ትምህርት ቤቱ ለወላጅ በሩን የሚከፍትበት ቀን፣ ጥሩ ነው ግን የሠርግ ቀን ማለት ነው፣ ሁሉም ለብሶ ነው የሚጠብቃችሁ። እኔ ለታናሹ ያደረግኩት ሌላ ነው። አፑን አጥፍቼ፣ ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ማዶ መኪናዬን አቁሜ ተቀመጥኩ። ሁለት የተለያየ ቀን። መምህራን ደጅ ይወጣሉ ወይ? ልጆቹን በስም ይጠራሉ ወይ? ጠብ ሲጀመር ማን ይደርሳል? ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከብሮሹሩ የበለጠ ታያላችሁ።

ውስጥ ስትገቡ ደግሞ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ "8ኛ ክፍል አልጀብራ 1 ታስተምራላችሁ?" በሉ። 8ኛ ላይ አልጀብራ የጨረሰ ልጅ ሃይ ስኩል ሳይጨርስ ካልኩለስ ይደርሳል። ያልጀመረ ልጅ ግን በኋላ አንድ ዓመት እጥፍ መሮጥ አለበት። ሃይ ስኩል ከሆነ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቁ፣ በወረቀት ያለውን ሳይሆን ዘንድሮ በእርግጥ የሚሰጡትን።

እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ካላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ መሠረት ነጻ ነው፣ አማርኛ ደግሞ ከተማው ከሚያገለግልባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። መምህሯ "ክፍል ውስጥ ወሬ ያበዛል" ስትል "ጎበዝ ተሳታፊ ነው ትላለች" ሆኖ ነው የሚደርሳችሁ። ደርሶብኛል።

3. ሎተሪው

ከሠፈራችሁ ውጭ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም ቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ ግን በራሱ አስተዳደር የሚሠራ፣ ክፍያ የሌለው ትምህርት ቤት) ከፈለጋችሁ ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው ሎተሪ ነው። አንድ ማመልከቻ ነው፣ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ትሞላላችሁ። ዲሴምበር ላይ ይከፈታል። ለሃይ ስኩል ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ለሚድል ስኩል ማርች መጀመሪያ ይዘጋል፤ ቀኑ በየዓመቱ ትንሽ ይለዋወጣል። ውጤት ማርች መጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ቀን መሙላትና በመጨረሻው ቀን መሙላት ልዩነት የለውም። ካለፈ በኋላ የሞላ ግን ወረፋው ጭራ ላይ ነው የሚሰለፈው።

እኔን የበላኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

እኛ ዲቪ የለመድን ሰዎች ነን። ዲቪ ላይ ሞልተህ ጸሎት ነው። እዚህ ጋ ግን ደረጃ አውጣ ስንባል ብልጥ መሆን ያምረናል። ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ "ስማ፣ የሚሻሙበትን አንደኛ ካደረግከው ካልደረሰህ ሌላውም ያመልጥሃል። የሚደርስህን አስቀድም" አለኝ። እውነት መሰለኝ። የምንፈልገውን ቅርብ ቻርተር ሁለተኛ አደረግኩና፣ ሩቅ ያለ ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ትምህርት ቤት አንደኛ አደረግኩ። ለመጠባበቂያ ብዬ።

ደረሰን። በእርግጥ ደረሰን፣ አንደኛ ምርጫችን!

ባለቤቴ "እሺ፣ ለሌላኛው ዌይትሊስት (የተጠባባቂ ወረፋ) ላይ ስንተኛ ነን?" ብላ ጠየቀች። ስንደውል የተሰጠን መልስ አጭር ነበር። ዌይትሊስቱ ላይ የላችሁም፣ አንደኛ ያላችሁትን አግኝታችኋል አሉን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሦስተኛ ያደረጋችሁት ከደረሳችሁ፣ አንደኛና ሁለተኛ ላይ ወረፋ ትይዛላችሁ። ከአራተኛ ጀምሮ ያለው በሙሉ ይሰረዛል። ኮምፒውተሩ የሚያምነው የጻፋችሁትን ነው፣ በሆዳችሁ የያዛችሁትን አያውቅም።

የወዳጄ ምክር ለምን ስህተት ሆነ? ኮምፒውተሩ መጀመሪያ አንደኛችሁን ይሞክርላችኋል። ካልሆነ ወደ ሁለተኛ ይወስዳችኋል። እዚያ ስትደርሱ ግን "ይሄ ሰው እኛን ሁለተኛ ነው ያለን" ተብሎ ወደ ኋላ አትገፉም። ሁለተኛ ያደረጋችሁት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ እንዳደረጋችሁት አያውቅም። የሚታየው በዘፈቀደ የሚደርሳችሁ የዕጣ ቁጥርና እንደ ወንድም ወይም እህት እዚያ መማር ያለ ቅድሚያ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አመዳደብ በጥናታቸው መሠረት ያስያዙት አልቪን ሮዝና ሎይድ ሻፕሊ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል፣ የእኔ ወዳጅ በቡና ሰዓት ሊበልጣቸው ነበር የፈለገው። የምትወዱትን አንደኛ ማድረግ ምንም አያሳጣችሁም።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። ሩቁ ከደረሰን በኋላም የሠፈራችን ሚድል ስኩል መብታችን እንደሆነ ነበር። እኔ ግን ዕጣ ከወጣ አለቀ ብዬ አሰብኩና ሄጄ ሩቁ ጋ አስመዘገብኳት። በሚቀጥለው ዓመት ልቀይርሽ ስላት ጓደኞች አፍርታለች፣ እንቢ አለች።

ከዚህ የወጣው ደንብ፣ ለወንድሟ የተጠቀምኩበት፣ ይሄ ነው፦ የሠፈራችሁ ትምህርት ቤት መነሻ ነው። ከእሱ በእርግጥ የምትመርጡትን ብቻ ሎተሪው ላይ ሙሉ። 12 ቦታ ስላለ 12 መሞላት የለበትም። እኛ ለእሱ ሦስት ብቻ ሞላን። አራተኛ ልሞላ ስል ባለቤቴ "እዚያና እዚህ ሠፈር ቢባል የቱን ትመርጣለህ?" አለችኝ። ሠፈሩን አልኩ። ሰረዝነው።

አንዳንድ ቻርተር ሚድል ስኩል የሚጀምረው ከ5ኛ ክፍል ነው፣ ቤሲስና ዋሽንግተን ላቲን እንደዚያ ናቸው። ልጁ 4ኛ ክፍል እያለ ነው የሚሞላው። 5ኛ ጨርሶ ልትሞሉ ስትነሱ አብዛኛው ወንበር ተይዟል።

ለሃይ ስኩል ደግሞ በውጤት የሚመርጡ አሉ፦ ስኩል ዊዝአውት ዎልስ፣ ባነከር፣ ማኪንሊ ቴክ፤ ለኪነ ጥበብ ዱክ ኤሊንግተን፣ እሱ በተግባር ይፈትናል። እነዚህም በዚያው ሎተሪ ነው የሚሞሉት፣ ግን እንደየትምህርት ቤቱ ውጤት፣ የመምህር ምስክርነት ወይም ኢንተርቪው ይጠይቃሉ። መምህሩን በጃንዋሪ መጨረሻ አትለምኑት። ኖቬምበር ላይ ንገሩት።

4. ዌይትሊስትና ስልክ

ወንበር የሚለቀቀው ትምህርት በሚዘጋበት ክረምት ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ደውሎ ወይም ኢሜይል ልኮ ጥቂት ቀን ይሰጣችኋል። እኛ ደግሞ ክረምት ላይ የት ነን? አዲስ አበባ። ስልኩ በኢትዮ ቴሌኮም ሲም ተቀይሯል፣ የቮይስሜይል ሣጥኑ ሞልቷል። የማውቀው ሰው እንዲህ አድርጎ ሁለት ዓመት የጠበቀውን ወንበር ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላ አጥቶታል። ከመሄዳችሁ በፊት ዲሲ የሚቀር ዘመድ ስልክና ኢሜይል ማመልከቻው ላይ ጨምሩ።

የደረሳችሁ ቦታ መመዝገብ ከዌይትሊስት አያስወጣም። በጊዜው አለመመዝገብ ግን ወንበሩን ያሳጣል።

5. ወረቀቱ

ለዕጣው የነዋሪነት ሰነድ አያስፈልግም፣ ለምዝገባ ግን ዲሲ እንደምትኖሩ ማሳየት አለባችሁ፤ በየዓመቱ። የዲሲ ታክስ የተቆረጠበት የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ወረቀት ያለው ሰው በአንድ ወረቀት ይጨርሳል። እንደ እኔ ኡበር የሚነዳ ግን እሱ የለውም። የኪራይ ውል ከክፍያ ማስረጃው ጋር፣ የመብራት ወይም የጋዝ ቢል ከተከፈለበት ማስረጃ ጋር ያዙ። ስሙ የሚያስመዘግበው ሰው ስም ይሁን። የእኛ መብራት በባለቤቴ ስም ስለነበር እኔ አንድ ጠዋት ሙሉ ተሰልፌ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ ዲሲ ያለ ወንድምን አድራሻ መስጠት የሚያስቡ አሉ። አታድርጉት። የከተማው ዐቃቤ ሕግ ቤተሰቦችን ከሶ ያውቃል፣ ያልተከፈለውን የትምህርት ክፍያ እስከ ሦስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል።

6. መንገዱን ሞክሩት

ኪድስ ራይድ ፍሪ ካርዱን ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ጠይቁ፣ አውቶቡስም ባቡርም ነጻ ነው። ከዚያ ትምህርት ሳይጀመር አንድ የሥራ ቀን ጠዋት ከልጁ ጋር መንገዱን ሂዱት፣ በመኪና ሳይሆን ልጁ በሚሄድበት።

ወንድ ልጄ ከሦስቱም አልደረሰውም፣ የሠፈሩን ጀመረ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለተኛ ምርጫችን ደውሎ ወንበር አለ አለን። ስነግረው "አባዬ፣ ነገ እኮ እግር ኳስ አለኝ" ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ደውዬ አመሰግናለሁ፣ ለሚቀጥለው ስጡት አልኳቸው።