ፒክ አፕ መኪና ብቻ አይደለም

ደሴ ላይ ፒክ አፕ ስትል ሁሉም የሚመጣለት ከኋላ ክፍት የሆነው መኪና ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ ግን ግስም ነው፣ ቀጥተኛ ትርጉሙ ከመሬት ማንሳት። እስክሪብቶ ወደቀ፣ ጎንበስ ብለህ አነሳኸው፣ አለቀ። ስልክ ማንሳትም እንደኛው ነው። ሰው ላይ ሲሆን ግን «ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ፒክ አፕ አርገኝ» ያለህ መኪና ይዘህ ና ውሰደኝ ነው እያለህ ያለው፣ ልታዝለው እንዳትሄድ 😄

የሚጣፍጠው ሌላኛው ነው። ባቲ ሰኞ ገበያን አስቡት እስቲ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ይመጣል፣ ነጋዴው ክላስ ሳይገባ ሲሸጥ ሲገዛ የሌላውን ቋንቋ በጆሮው ይለቅማል፣ በቃ ይሄ ፒክ አፕ ነው፣ «መልቀም» የሚለው ቃላችን ራሱ ልክ ይገጥመዋል። አስተማሪ ይዘህ በደንብ ለተማርከው ግን ለርን ይሻላል። የቀዘቀዘ ገበያ ሲሟሟቅም ፒክ አፕ አደረገ ይባላል።

መሸወጃው ምን መሰላችሁ፣ እኛ ሁሉን ነገር «ማንሳት» እንላለን። ፎቶ ማንሳት ቴክ ነው፣ ስብሰባ ላይ ሀሳብ ማንሳት ሬይዝ ነው። እኔ ሐይቅ ዳር አንዱን ቱሪስት ፎቶ ላንሳህ ለማለት «ፒክ ዩ አፕ?» ብዬው ሰውዬው ወደኋላ ሸሸ፣ ልሸከመው መስሎት ይሆናላ።

እና ደግሞ ኢት፣ ሂም፣ ሄር ሲኖር መሀል ይገባል፦ ፒክ ኢት አፕ። ፒክ አፕ ኢት አይባልም። ስም ከሆነ ግን አብሽሩ፣ ፒክ ዘ ፔን አፕም ፒክ አፕ ዘ ፔንም ያስኬዳል።