ከመተኛታችሁ በፊት ክፉ ዜናውን በጨዋታ ተኩት

ማታ ማታ ስልካችሁን ይዛችሁ ክፉ ወሬ ስታገላብጡ እንቅልፍ እንቢ የሚላችሁ ከሆነ፣ እኔን የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ዜና አላይም። የሚያሳስበኝ ዘመድ ካለ ቀደም ብዬ ደውዬ ድምፁን እሰማለሁ። ከዚያ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክቼ እገባለሁ።

ትራሴ አጠገብ የአለቃ ገብረ ሃና ጨዋታዎች አሉ። አለቃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ትልቅ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው። ሕዝቡ ግን አብልጦ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። አንዱ ጨዋታ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ እኔ የወደድኩትም ይህንኑ ነው። የደከመ ጭንቅላት ወፍራም ልብ ወለድ አይሸከምም። ግማሽ ገጽ ግን አያቅተውም። ሁለት ሦስቱን አንብቤ መብራት አጠፋለሁ።

ቴሌቪዥን ለሚቀናችሁ ደግሞ የድሮ የበዓል ፕሮግራም ቀልዶችን ፈልጉ። የደረጀና ሀብቴ፣ የተስፋዬ ካሳ፣ የልመንህ ታደሰ ሥራዎች ዩቲዩብ ላይ ይገኛሉ። ከዚህ በፊት ያያችሁትን ብትደግሙት እንዲያውም ይሻላል፤ መጨረሻውን ስለምታውቁት ልብ አይሰቅልም። ባለፈው እሑድ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ስታይ፣ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት እሷ ቀድማ ትለውና እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ስንት ወር እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር!

አንድ ነገር ብቻ፦ ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተውን አውቶፕሌይ አጥፉት። ካልሆነ ከቀልዱ ቀጥሎ ያንኑ የሸሻችሁትን ዜና ያመጣላችኋል።