ሐሞት ነው ብዬ ዋሸሁ፦ ጨጓራ የሚያስቆርጥ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሴቶች ለልክ ሲመጡ፣ ሜትሩን ወገባቸው ላይ ሳዞር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል። «እውነት ነው? ጨጓራሽን አስቆርጠሽ ነው የከሳሽው?» እውነት ነው። አራት ዓመት ሆነኝ። 118 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 76 ነኝ። የጠየቀችኝን ሁሉ ቁጭ አድርጌ ሳስረዳ ስፌቱ እየተጓተተ ደንበኛ ተቆጣኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። ስህተቶቹን ግን አብዛኞቹን በራሴ ላይ ሠርቻቸዋለሁ።

ለሠርግ ብሎ መወሰን

በቀደም አንዲት ሙሽራ መጣች። ሠርጓ ሦስት ወር ቀርቶታል። «ስሊቭ ልሠራ ነው» አለችኝ፤ ጨጓራን ቆርጦ የማጥበቡ ቀዶ ሕክምና ማለቷ ነው። ሜትሩን አስቀምጬ ወንበር ሰጠኋት። ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዩት ኪሎ ለቁመት በሜትር፣ እንደገና ለቁመት ተካፍሎ የሚመጣውን ቁጥር ነው። የእኔ 118 ለ1.62፣ እንደገና ለ1.62 ተካፍሎ 45 ገደማ ነበር፤ ስኳርም ነበረብኝ። ለብዙ ዓመታት መስፈርቱ 40 ነበር፤ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ በሽታ ላለበት ደግሞ 35። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ የሐኪሞች ማኅበራት ወደ 35 እና 30 ዝቅ አደረጉት። የሙሽራዋን በስልኬ አሰላሁት፤ 27። ስኳር የለባት፣ ግፊት የለባት። ቬሎዋን በልኳ ሰፋሁላት፣ አማረባት።

«የመጨረሻዬ ነው» እያሉ መብላት

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ሳምንት ስታርችና ቅባት ቀንሱ ይሏችኋል። ለቅጣት አይደለም። ጉበት ጨጓራ ላይ ተደርቦ ነው ያለው። ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ ስብ ይዞ ያብጣል። ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሲሠራ እሱን ማንሳት አለበት። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ቀን ክትፎ በቆጮ ተሰናበትኩ። ስነቃ ሐኪሙ «ጉበትሽ አስቸግሮናል፣ ምን ስትበዪ ነበር?» አሉኝ። የተኛሁ መሰልኩ።

ቶሎ ወደ ቤት መሮጥ

የተሠራሁት አዲስ አበባ ነው። ጨጓራውም እንደ ልብስ የተቆረጠ ጠርዝ አለው፤ ያ ጠርዝ በስቴፕል ይዘጋል። እንደማንኛውም ስፌት ሊተረተርና ሊያፈስ ይችላል። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪሙ ጋ መሄድ ነው። ይህ ሐዋሳ ከደረሳችሁ በኋላ ቢጀምራችሁ ሐኪማችሁ 270 ምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ዘመድ ቤት አስር ቀን ቆዩ። ስትመለሱም እግር ላይ ደም እንዳይረጋ መሐል መሐል ወርዳችሁ ተራመዱ። እኔ መቂም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ወርጃለሁ፤ ሾፌሩ የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት ነበር።

መዋሸት

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም፣ ይቅርታ።

ሁሉም ይዋሻሉ። ጨጓራዬን ላስቆርጥ ነው ማለት ያሳፍራል፤ «ሆዷን መግታት አቅቷት» ይባላል። እኔም ከባለቤቴና ከእህቴ በቀር ለሰው ሁሉ «የሐሞት ጠጠር ነው» አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

አሁን አስቡት። ከጨጓራዬ አራት አምስተኛው ገደማ ወጥቷል። የቀረው ሙዝ የሚመስል ቱቦ ነው። እኛ ደግሞ ከአንድ መሶብ የምንበላ ሰዎች ነን። ማን ምን ያህል እንደበላ በሰሃን አይለይም፤ የሚለየው እጁን የሰበሰበው ሰው ነው። ወዲያው ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። «ምነው፣ ወጡ አልጣመሽም?» «ተኮራርፋችኋል እንዴ?» ስትከሱ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። እኛ አገር የወፈረ ሰው «ተመችቶሻል» ይባላል፤ የከሳ ግን ታሟል። ሦስተኛው ወር ላይ ሰፈር ውስጥ ስለ ደሜ ማውራት ተጀምሮ ነበር።

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዝክር፣ አማቴ ቤት። ከተሠራሁ አምስት ሳምንቴ ነው፤ ገና የተፈጨ ምግብ ላይ ነኝ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አማቴ ዶሮውን በእንጀራ ጠቀለሉ፤ ግማሽ እንቁላል ጨመሩበት፤ ቁሌቱን አጠቀሱት። የሕፃን ጭብጥ ያክላል።

«በሞቴ!»

«እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«አፈር ስሆን! የተሠራሽው ሐሞት፣ ዶሮው ምን አደረገሽ?»

ምን ልበል? አፌን ከፈትኩ። አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ ዋጥኩት። መጀመሪያ ደረቴ መሐል ድንጋይ የተቀመጠ ያህል ሆነ። ከዚያ ምራቄ እንደ አረፋ አፌን ሞላው። ላብ አጠመቀኝ። ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ ሥር ተደፋሁ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል አልወጣ አልወርድ አለኝ። ወጥቶልኝ ስመለስ ሁለተኛው ጉርሻ ተጠቅልሎ ይጠብቀኛል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል።

ቀጣዩን ስሙ። ኪሎ በፍጥነት ሲቀንስ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ይፈጠራል። ለአንዳንዱ ሰው መከላከያ መድኃኒት ይታዘዛል። በስምንተኛው ወሬ የቀኝ ጎኔን ሰቅዞ ያዘኝ። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፤ ጠጠር። የዋሸሁት በሽታ ራሱ መጣልኝ። አማቴ ሊጠይቁኝ መጡና ግራ ተጋብተው፣ «ባለፈው አውጥተውት አልነበር እንዴ?»

ያኔ ተናገርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ያኔ ያጎረስኩሽ ጊዜ ጓሮ የወጣሽው ለዚህ ነው?» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔን ድርሻ በስኒ ማስቀመጫ ለብቻ አውጥተው ያቀርቡልኛል። ሌላ ሰው ሊያጎርሰኝ ሲነሳ እጁን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

ለከተማው ሁሉ አውጁ አላልኩም። ከአንድ መሶብ ለምትቆርሷቸው ሰዎች ግን ሳትሄዱ ንገሯቸው።

አጥሚት ጠጥቶ «በላሁ» ማለት

ሊጠይቃችሁ የመጣ ሁሉ አጥሚት ይዞ ይመጣል። ደግ ነው፤ ግን አብዛኛው ስታርች ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ገደማ ነው። ፕሮቲኑ ሲያንስ የሚቀልጠው ስቡ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻችሁም ነው። እኔ ከዚያች ጉርሻ በሦስተኛው ቀን የነቢያት ጾም ገባ። በምስርና በሽሮ ብቻ ልወጣው አስቤ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሳልጨርስ «ሕመምተኛ ነሽ፣ ብዪ» አሉኝ። እኛ ደግሞ ሐይቁ አጠገባችን ነው። የአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ባይኖር እንዴት እንደምሆን አላውቅም።

ጁስን እንደ ውኃ መቁጠር

እንጀራ አልገባ ሲል ስፕሪስ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ከላይ ቪምቶ፣ ከሥር ስኳር። ቱቦው ፈሳሽ አይከለክልም። በሁለተኛው ዓመት 6 ኪሎ የተመለሰብኝ በዚህ መንገድ ነው። ምግብ አልነበረም፤ ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር የምጠጣው ብርጭቆ ነበር።

ቫይታሚን ማቆም

«ደህና ነኝ» ብዬ አቆምኩ። ከወራት በኋላ የጣቶቼ ጫፍ ይደነዝዝ ጀመር። መርፌ ክር ማስገባት የማልችል ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ሲመረመር ቢ 12 ወርዷል። በመርፌ ሰጡኝ፣ ቀስ እያለ ተመለሰ። ቫይታሚኑ እስከ ዕድሜ ልክ ነው። የደም ምርመራውም እንዲሁ።

የቀሩትን በአጭሩ። ከምግብ ጋር ውኃ አትጠጡ፤ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ራስ ምታት ሲነሳ ፋርማሲ ሄዳችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትግዙ፣ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ መሠራታችሁን ለፋርማሲስቱ ንገሩት። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ፀጉራችሁ እፍኝ እፍኝ ቢረግፍ አትደንግጡ፣ ይመለሳል። ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ ከተቻለ ለአንድ ዓመት ተኩል አታርግዙ። «እኔ እንኳን አላረግዝም» ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ኪሎ ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል። «ዓመታት ሞክሬ እምቢ ብሎኝ» ያለችኝ ደንበኛዬ ከተሠራች በሰባተኛው ወሯ የእርጉዝ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታለች።

ልብስን በተመለከተ፣ በገዛ ገበያዬ ላይ ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት አታሰፉ። እኔ በአራተኛው ወር ደስ ብሎኝ ሦስት ቀሚስ ለራሴ ሰፋሁ። በሰባተኛው ወር ሦስቱም ትከሻዬ ላይ አልቆም አሉ። ጨርቁን ግዙና አስቀምጡት። አሮጌውን ደግሞ አምጡት፣ በጎን በጎኑ እይዝላችኋለሁ፤ ለእሱ ብዙ አላስከፍልም።