ሰፊ የሊነን ሱሪ በጅማ ሙቀት፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጥር ሲጋመስ ጅማ ላይ ፀሐዩ ይከርራል። ጠዋት ሹራብ ደርበሽ ትወጫለሽ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጂንሱ ጭንሽ ላይ ተጣብቆ መተንፈሻ ያሳጣሻል። ለዚህ ጊዜ ከሰፊ የሊነን ሱሪ የሚሻል የለም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ጨርቁ ላብ ይመጥጣል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ስፋቱ ደግሞ ንፋስ ያስገባል።

ግን ከተማ ውስጥ ስዞር የማየው ያሳዝነኛል። ደህና ሱሪ ተገዝቶ አለባበሱ ያበላሸዋል። አለባበሱ ሲያምር ደግሞ ቀዩ አፈር ያበላሸዋል። ስልክሽ ላይ ያየሽው ፎቶ የተነሳው የሆነ ባሕር ዳርቻ፣ አሸዋ ላይ ነው። አንቺ የምትሄጅው ከመንደራ ሰፈር ተነስተሽ፣ ባጃጅ ይዘሽ፣ ኮብልስቶኑን አልፈሽ ሕርማታ ገበያ ነው። ሱሪው የሚመረጠውም የሚለበሰውም ለዚያ መንገድ መሆን አለበት።

ሊነን ያልሆነውን ሊነን ብሎ መግዛት

ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ውስጥ "ሊነን ነው" ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ሊነን አይደለም። ከላይ ሲያዩት ሻካራ፣ ሲነኩት ደረቅ፣ ውስጡ ግን ፖሊስተር የሆነ ጨርቅ ሞልቷል። እሱን ለብሰሽ ፀሐይ ላይ ከወጣሽ ሰፊ ላስቲክ እንደለበስሽ ቁጠሪው።

እውነተኛው ሊነን ከተልባ ነው የሚሠራው። አዎ፣ እኛ ፍሬውን ቆልተን ወቅጠን በጾም የምንበላው ተልባ። ለጨርቅ የሚሆነው ክር የሚወጣው ከአገዳው ነው፤ ለዚህ የሚዘራውም ዝርያ ረዘም ያለ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ "የተልባ እግር" የሚባለው ልብስ ይኸው ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ጨርቁን በመዳፍሽ ጨብጪና ልቀቂው። ሊነን ከሆነ ወዲያው ይጨማደዳል፤ ምንም ካልመሰለው ተጠራጠሪ። ክሩን ቀረብ ብለሽ እይው፤ የሊነን ክር አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም፣ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ይላል። ባለሱቁ ፈቃደኛ ከሆነ ከጠርዙ አንድ ክር ለምኚውና በክብሪት ለኩሽው፦ እንደ ወረቀት ከሸተተና ግራጫ አመድ ሆኖ ከረገፈ ሊነን ወይም ጥጥ ነው፣ ቀልጦ ጥቁር ጠጣር ነገር ከሆነ ፖሊስተር አለበት። ሊነንና ጥጥ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን አትፍሪው። እንዲያውም መጨማደዱ ቀነስ ስለሚል ለብዙ ሰው የሚመቸው እሱ ነው።

ሳልባጅ የምትወጂ ከሆነ ደግሞ ዕድል አለሽ፤ በጣም ጥሩ ሊነን እዚያ ይገኛል። ወገቡ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ከውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አንብቢ። በመቶኛ ተጽፎባታል። የጣልያን ከሆነ "ሊኖ"፣ የጀርመን ከሆነ "ላይነን" ይላል፤ ሁሉም አንድ ነው።

ጨርቁን ሳይነክሩ ማሰፋት

ይሄኛው በራሴ የደረሰ ነው። ክሬም ቀለም ያለው ብትን ጨርቅ ገዝቼ፣ በቀጥታ ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ፣ በሳምንቱ ተቀበልኩ። ልክ ነበር። በጣም ወደድኩት። አንዴ ታጠበና ቁርጭምጭሚቴ ላይ የነበረው ሱሪ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ረጅምም አይደለ አጭርም አይደለ፣ እግሬን ቆርጦ የሚያሳይ ነገር ሆነ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ያንን ቀለም ድጋሚ አላገኘሁትም።

ያልታጠበ ሊነን መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። 5 በመቶ ቢሰበሰብ እንኳ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ሱሪ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ጨርቁን ገዝተሽ ስትገቢ ለብ ባለ ውኃ ነክረሽ አሳድሪው፣ ሳትጠመዝዢ አስጪው፣ ከዚያ በኋላ ለሰፊው ስጪው። ከሁለት እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ይበቃሻል፣ እንደ ቁመትሽና እንደ ጨርቁ ወርድ። ሰፊውን ደግሞ አንድ ነገር ለምኚልኝ፦ ግርጌው ላይ ወደ ውስጥ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር አጥፎ ይስፋው። ቢያጥርብሽ ትለቂዋለሽ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ግርጌው ከበድ ስለሚል ሱሪው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ንፋስ ሲመጣም አይገለብጠውም።

መሬት የሚጠርግ ርዝመት

ስለ ርዝመት ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ጅማ ላይ ሱሪውን የሚገድለው ይሄ ነው።

ፎቶ ላይ ጫማ ሸፍኖ መሬት የሚነካ ሰፊ ሱሪ ያምራል። የጅማ አፈር ግን ቀይ ነው። ሲደርቅ አቧራ፣ ሲረጥብ ጭቃ ነው፤ ሊነን ደግሞ እርጥበት ስለሚወድ ጭቃውን ከግርጌው ወደ ላይ ይስበዋል። ዝናቡም ክረምትን አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ ጠዋት ጠርቶ የነበረ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ይጠቁርና ያወርደዋል። ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ባጃጅ ተራ እስክትደርሺ ግርጌሽ የሸክላ ቀለም ይይዛል።

የእኔ ምክር ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቅ ሱሪ ነው። አጥንቷ ብቅ ትበል። እዚህ ላይ ስፋቱ አይጠፋም፣ እግርሽም ይተነፍሳል፣ ከባጃጅ ስትወርጂም ሱሪሽን በሁለት እጅሽ ሰብስበሽ አትይዥም። ረጅሙን ካልለበስኩ ካልሽ ደግሞ ጫማሽን አድርገሽ ተለኪ፣ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ይበል። ባዶ እግርሽን ወይም በሌላ ጫማ ሆነሽ መለካት ትልቁ ስህተት ነው፤ በታኮ የተለካ ሱሪ በነጠላ ጫማ ሲለበስ መጥረጊያ ይሆናል። አንድ ሱሪ፣ አንድ የታኮ ቁመት። ሁለቱንም በአንድ ሱሪ ለማስኬድ አትሞክሪ።

ሞተር ላይ ኋላ የምትቀመጪ ከሆነ ይሄን የምለው ለጌጥ አይደለም፦ ሰፊ ግርጌ ጎማና ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። ከመቀመጥሽ በፊት የሱሪውን ሁለቱንም እግር ለየብቻ በፀጉር ላስቲክ እሰሪው። ስትወርጂ ትፈቺዋለሽ።

ጭቃ ከነካውም ወዲያው እንዳታሺው። ስታሺው ወደ ክሩ ውስጥ ነው የምትከችው። ይድረቅ፣ በብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ ይታጠብ። ቡና ግን ተቃራኒው ነው። ቡና ከፈሰሰብሽ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከጨርቁ ጀርባ በኩል አፍስሺበት። ጅማ ላይ ኖሮ ቡና ያልፈሰሰበት ልብስ ያለው ሰው ስለሌለ ይሄን ያዥው።

ላይም ሰፊ፣ ታችም ሰፊ

ከታች ሰፊ ከሆነ ከላይ ልከኛ መሆን አለበት። ሰፊ ቲሸርት ዳሌ ላይ ወርዶ፣ ከሥሩ ሰፊ ሱሪ ሲመጣ ወገብሽ ይጠፋል። ቀጭኗም ወፍራም ትመስላለች፣ ረጅሟም አጭር። ማጣበቅ አለብሽ እያልኩ አይደለም። ቀላል የጥጥ ሸሚዝ ከሆነ ከፊት በኩል ብቻ አስገቢው፣ ኋላው ይውረድ። ወይም ወገብ ላይ የምታልቅ ሸሚዝ ልበሺ። ወገብሽ የት እንዳለ ሰው እንዲያይ ብቻ ነው የሚፈለገው።

ሒጃብ የምትለብሺ እህቴ፣ ላንቺ ይሄ ምክር እንደማይሠራ አውቃለሁ። ከላይ ረጅም ነገር መልበስሽ አይቀርም። ያንቺ ስህተት ርዝመቱ ሳይሆን የሚያልቅበት ቦታ ነው። ዳሌ ላይ፣ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ያሰፋሻል። ጉልበት ድረስ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን። በክፍቱ በኩል ሱሪው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ውበቱም እዚያ ጋ ነው። ከላይም ከታችም አንድ ቀለም ብታደርጊና ሻርፑን ብቻ ብትለይው እኔ በጣም የምወደው አለባበስ ነው። ሻርፑ ጥጥ ይሁን እባክሽ። ከታች ሊነን ለብሶ ከላይ ናይለን መጠምጠም የሚያስኬድ ነገር አይደለም።

"አጭር ነኝ፣ ሰፊ ሱሪ አይሆነኝም" የሚሉም አሉ። ይሆናችኋል። ወገቡ ከፍ ያለ፣ እግሩ ከዳሌ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሰፋ ይሁን። ከጉልበት በታች በድንገት የሚሰፋው ነው የሚያሳጥረው።

ሱቅ ውስጥ ብቻ አይቶ መግዛት

ነጭ ሊነን ሱቅ ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን ምንም አያሳይም። ውጪ የጅማ ፀሐይ ከኋላሽ ሲመጣ ሁሉንም ነገር ያሳያል፤ የኪሱን ጨርቅ ቅርጽ ሳይቀር። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ወደ በሩ ውሰጂውና እጅሽን ከጨርቁ ሥር አስገቢ። ጣቶችሽን መቁጠር ከቻልሽ ስስ ነው።

ነጭ ሱሪ ሥር ነጭ የውስጥ ልብስ መልበስም አይሠራም፣ ነጩ ጎልቶ ይወጣል። ከቆዳሽ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ቡኒ ልበሺ። ገበር ማስገባት ከፈለግሽ ከስስ ጥጥ፣ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ። ሙሉ የፖሊስተር ገበር ካስገባሽበት ሊነን የገዛሽበት ምክንያት ጠፋ ማለት ነው።

ስለ ቀለም ካነሳን አይቀር፣ ለዚህ ከተማ ከነጭ ይልቅ የገለባ ቀለም፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ወይም ቀላ ያለ ቡኒ ይሻላል። አቧራው ሲያርፍበት አያሳጣም።

ከጨማዳ ጋር መዋጋት

ሊነን ይጨማደዳል። ተፈጥሮው ነው። ጭኑ ላይና ጉልበቱ ጀርባ ላይ ቁጭ ብለሽ ስትነሺ የሚመጣው ጨማዳ የሚያሳፍር አይደለም፣ ጨርቁ እውነተኛ መሆኑን ነው የሚናገረው። የሚያሳፍረው ከቁም ሣጥን ተጠቅልሎ ወጥቶ ሳይተኮስ የተለበሰው ነው። ሁለቱን ሰው ይለያቸዋል።

ሲተኮስ ትንሽ እርጥበት እያለው ይተኮስ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ካውያ ብትጫኚበት አይታዘዝም። ገልብጠሽ ተኩሺው፣ በተለይ ጠቆር ያለ ቀለም ከሆነ፤ ያለዚያ ላዩ ይብለጨለጫል። መብራት ቢጠፋብሽስ? ማታ ሱሪውን እርጥብ እያለ በእጅሽ ዘርግተሽ፣ ስፌቱን ጎትተሽ አስተካክለሽ፣ ወገቡን በመቆንጠጫ ይዘሽ ስቀዪው። በራሱ ክብደት ይስተካከላል። እኔ ግማሹን ጊዜ ካውያ አልነካም።

አጣጠቡ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። በረኪና አይነካው፤ ነጩን ያቢጨዋል፣ ክሩንም ያደክመዋል። እንደ አንሶላ አትጠምዝዢው፤ ጠምዝዘሽ የፈጠርሽው ጨማዳ ካውያም በቀላሉ አይፈታውም። ውኃው ይንጠባጠብ፣ ጥላ ቦታ ይሰጣ። ሲቀመጥም ሁልጊዜ አንድ መስመር ላይ አትጠፊው፣ ሊነን ሲታጠፍ የሚለጠጥ ክር ስላልሆነ በዚያ መስመር እየሳሳ ሄዶ ይቀደዳል።

ለማታው አለማሰብ

ቀኑ ሲሞቅ ማታው የሚሞቅ ይመስለናል። በበጋ ጅማ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ብርዱ ይመጣል፣ ሰፊ እግር ደግሞ ቀን ንፋስ እንዳስገባ ማታም ያስገባል። ብዙ ሰው የተገኘውን ረጅም ጃኬት ይደርብበታል፣ ቀኑን ሙሉ ያማረው አለባበስም እዚያው ያበቃል። አጭር ሹራብ ወይም ወገብ ላይ የምታልቅ የጂንስ ጃኬት ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ጋቢ ያለበት ቤት የምታመሹ ከሆነ ግን ጃኬቱንም ተይው።